ጆሮና ዐይን በሕሙማን ክፍል

ሆስፒታል የተኛ ሰው ደሙ በላቦራቶሪ፣ ሳንባው በራጅ፣ ልቡ በማዳመጫ ይመረመራል፤ ጆሮው የሚሰማውና ዐይኑ የሚያየው ነገር ግን ከሕክምናው ዝርዝር ውስጥ እምብዛም አይገባም። በአንድ ክፍል ስድስትና ስምንት አልጋ በተደረደረበት ቦታ ታማሚው ቀኑን ሙሉ የሚሰማው የጎረቤቱን ማቃሰት፣ የተሽከርካሪ አልጋ መንኳኳትና የጠያቂዎችን ጫጫታ ሲሆን፣ የሚያየው ደግሞ እስከ ወገቡ ድረስ ዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳና ሌሊቱን ሙሉ የማይጠፋ አምፖል ነው። እነዚህ ሁለት የስሜት ሕዋሳት ሰውነት ስለታመመ ብቻ ሥራ አይፈቱም፤ ያገኙትን ሁሉ ወደ አንጎል እየላኩ የልብ ምትን፣ የደም ግፊትን፣ እንቅልፍንና የሕመም ስሜትን ሲነካኩ ይውላሉ። ሙዚቃንና ሥዕልን ለሕክምና አጋዥ አድርጎ የመጠቀም ሐሳብ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሲነገር ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛው የሙዚቃ ሕክምና ወይም የሥዕል ሕክምና የሚባለው ሲሆን፣ ይህም ለሙያው የሠለጠነ ሰው የታማሚውን ሁኔታ መርምሮ፣ ንግግሩ እንዲመለስ ወይም ርምጃው እንዲስተካከል ግብ አስቀምጦ፣ ዜማን ወይም ቀለምን እንደ መሣሪያ እየተጠቀመ የሚሠራውና ውጤቱም በታማሚው ካርድ ላይ እየተመዘገበ የሚሄድ ሥራ ነው። ሁለተኛው ሆስፒታሉን ራሱን የሚመለከት ነው፤ በመተላለፊያ ላይ ሥዕል መስቀል፣ በመጠበቂያ ክፍል ለስለስ ያለ ሙዚቃ መክፈት፣ መስኮቱ ወደ ዛፍ እንዲያሳይ አድርጎ መሥራት ቴራፒስት አይጠይቅም፤ አስተዋይ ሥራ አስኪያጅና አስተዋይ አርክቴክት ግን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ሕክምና፣ ሁለተኛው መስተንግዶ በመሆኑ የአንዱን ማስረጃ ለሌላው ምስክር አድርጎ ማቅረብ አንባቢን ያሳስታል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሐሳቡ ዘመናዊ አይደለም። ንጉሥ ሳኦልን ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና እየደረደረ ያሳርፈው እንደነበር በመጽሐፈ ሳሙኤል የተጻፈው ታሪክ፣ በዐቢይ ጾም በገና የሚሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያውቀው ነው። በኦቶማን ቱርኮች ዘመን በኤዲርኔ ከተማ በ1488 የተጠናቀቀው የዳግማዊ ባየዚድ ሆስፒታል ድምፅን በደንብ የሚያዳርስ ጉልላት ያለው አዳራሽና በመካከሉ የሚንፎለፎል የውኃ ምንጭ ነበረው፤ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሆስፒታሉን ያየው መንገደኛ ኤቭሊያ ቸለቢ፣ ሙዚቀኞች በሳምንት ሦስት ቀን ለአካልና ለአእምሮ ሕሙማን ይጫወቱ እንደነበር ጽፏል። ሕንፃው ዛሬ የጤና ታሪክ ሙዚየም ሆኗል።

ለዘመናዊው የሕክምና ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ግን ከአክሱም የሚተረከው የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ነው። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በዜማው ተመስጦ በእጁ የያዘውን ጦር ሳያውቀው በያሬድ እግር ላይ ተከለው፤ ደሙ እየፈሰሰ ዘማሪው አልተሰማውም፣ ንጉሡም አላስተዋለም፣ ሁለቱም ወደ ራሳቸው የተመለሱት ዜማው ሲያበቃ ነው። የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ይህን የሚተርኩት የዜማውን ሰማያዊነት ለመመስከር ነው፤ አንድ የማደንዘዣ ሐኪም ቢያነበው ግን የሚይዘው ሌላ ዝርዝር አለ። ቁስሉ የደረሰው በአድማጩ ላይ ሳይሆን በሚያዜመው ሰው ላይ ነው፤ ሕመሙ ያልተሰማውም በትንፋሹ፣ በድምፁና በሙሉ ልቡ ሥራ ላይ የነበረው ሰው ነው።

ይህን ለማስረዳት የሚጠቅመው በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያቀረቡት «የበር» ንድፈ ሐሳብ ነው። በእነርሱ አገላለጽ ከቁስሉ የተነሣው መልእክት በነርቭ ተጉዞ ኅብለ ሰረሰር ሲደርስ በቀጥታ ወደ አንጎል አያልፍም፤ እዚያ የሚጠብቀው እንደ በር የሚሰፋና የሚጠብብ የነርቮች መገናኛ አለ። ጉልበቱን የተመታ ሰው ወዲያው ጉልበቱን ማሸት የሚጀምረው፣ የመታሸቱ ስሜት ከሕመሙ ጋር ተጋፍቶ በሩን ስለሚያጠብበት ነው። ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ሁለተኛው ነጥብ ነው፦ አንጎል ራሱ ወደ ታች ትእዛዝ እየላከ በሩን ሊያጠብብ ወይም ሊከፍት ይችላል፤ ፍርሃትና ሕመምን ብቻ እያሰቡ መተኛት በሩን ሲከፍቱት፣ ሐሳብን የሚይዝ ሌላ ነገር ያጠብበዋል። ስለሆነም ሕመም የቁስሉ መጠን ብቻ አይደለም፤ ቁስሉን የያዘው ሰው በዚያች ሰዓት ምን እየሰማና ምን እያሰበ እንደሆነም ይወስነዋል።

ንድፈ ሐሳቡ በሆስፒታል ውስጥ ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳይ ሰፊ ማስረጃ የተሰበሰበው በቀዶ ሕክምና ላይ ነው። በ2015 «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት፣ ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ለአንዱ ወገን ሙዚቃ እያሰሙ ለሌላው ግን የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ እየሰጡ ያነጻጸሩ 73 ሙከራዎችን በአንድ ላይ መርምሯል፤ በሙከራዎቹ የተሳተፉት ሰዎች ወደ 7,000 ይጠጋሉ። ሙዚቃ የሰሙት ታማሚዎች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሕመማቸው ቀለል ብሏል፣ ጭንቀታቸው ቀንሷል፣ የወሰዱት የሕመም ማስታገሻ መድኃኒትም አንሷል፤ ይህ ለውጥ ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቷቸው ራሳቸውን ሳያውቁ ሙዚቃው በተከፈተላቸው ሰዎች ላይ እንኳ ታይቷል። ሌሎች ሁለት ውጤቶች ግን በወሬ ላይ ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ። አንደኛ፣ ሙዚቃ የሰሙት ሰዎች ከሌሎቹ ቀድመው ከሆስፒታል አልወጡም። ሁለተኛ፣ ሙዚቃው ምን ዓይነት እንደሆነና ከቀዶው በፊት ይሁን በኋላ መከፈቱ ብዙ ልዩነት አላመጣም። ዜማ የተቆረጠ ሥጋ አይገጥምም፤ የሚሠራው ሥጋው እስኪገጥም ድረስ ባለው የመሸከም ሥራ ላይ ነው፣ እርሱም ቢሆን ተኝቶ ሰዓት ለሚቆጥር ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

ከጆሮ ወደ ዐይን ሲታለፍ በተደጋጋሚ የሚጠቀሰው ጥናት ሥዕል እንኳ የሌለበት፣ አንድ መስኮት ብቻ ያለበት ነው። ሮጀር ኡልሪክ የተባለው ተመራማሪ በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ከ1972 እስከ 1981 የሐሞት ከረጢታቸውን በቀዶ ሕክምና ያስወጡ ሰዎችን መዛግብት አገላበጠ። ክፍሎቹ ተመሳሳይ ነበሩ፤ ልዩነቱ የአንዳንዶቹ መስኮት ወደ ዛፎች፣ የሌሎቹ ደግሞ ወደ ቡናማ የጡብ ግድግዳ ማሳየቱ ነበር። ተመራማሪው ዕድሜያቸው፣ ፆታቸውና ሌላውም ሁኔታቸው የሚመሳሰል 23 ጥንድ ታማሚዎችን መርጦ ሲያነጻጽር፣ ዛፍ የሚያዩት በአማካይ 7.96 ቀን፣ ግድግዳ የሚያዩት 8.70 ቀን ተኝተው ነበር፤ ዛፍ የሚያዩት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የወሰዱትም ባነሰ መጠን ነው። ከቁጥሮቹ ሁሉ ይበልጥ የሚናገረው ግን ነርሶች በየካርዱ ላይ የጻፉት ማስታወሻ ነው፦ «ተበሳጭቷል»፣ «ማበረታቻ ያስፈልጋታል» የሚሉት ዓይነት ቃላት ግድግዳ በሚያዩት ታማሚዎች ካርድ ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ በዝተው ተገኙ። በ1984 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመው ይህ ጥናት በ46 ሰዎች ላይ ብቻ የተመሠረተ ትንሽ ሥራ ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላ በተሠሩ ብዙ ሆስፒታሎች ንድፍ ላይ አሻራው ይታያል። ከጥናቱ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ ቀደም ብላ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ስለ ሕሙማን አያያዝ በጻፈችው መጽሐፍ፣ የቀለምና የቅርጽ መለዋወጥ በታማሚው አካል ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ፣ የሰው ድምፅና ትንፋሽ መሣሪያዎች ለሕሙማን እንደሚስማሙ፣ ፒያኖ ግን እንደሚጎዳቸው አስፍራ ነበር፤ ስለ ፒያኖው የሰጠችውን ፍርድ የሚቀበል ዛሬ ብዙ ሰው ባይገኝም።

ሥዕልን ለታማሚ ማሳየት በኢትዮጵያ ከዚህ ሁሉ የቆየ የራሱ ሥርዓት አለው። በሰሜኑና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ደብተራዎች ለታመመ ሰው የሚያዘጋጁት የብራና ክታብ ከበግ ወይም ከፍየል ቆዳ የሚሠራ፣ ቁራጮቹ እየተሰፉ የሚቀጣጠሉ ረጅም ጥቅል ሲሆን፣ ርዝመቱ በታማሚው ቁመት ልክ ይለካል፤ ከራሱ እስከ እግሩ እንዲጠብቀው በማሰብ ነው። በውስጡ በግእዝ የተጻፈ ጸሎትና የታማሚው የክርስትና ስም አለ፤ ስሙ ብዙውን ጊዜ በቀይ ቀለም ይጻፋል፣ ክታቡ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ስም ይተካበታል። በጽሑፉ መካከል «ጠልሰም» የሚባለው ሥዕል ይመጣል፦ ሰይፍ የመዘዙ መላእክት፣ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ እንደ መረብ የተጠላለፉ መሥመሮች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየማእዘኑ የሚያፈጥጡ ዐይኖች።

የእነዚህ ዐይኖች አሠራር ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ መርሲዬ ለረጅም ዓመታት ያጠናው ጉዳይ ሲሆን፣ በ1997 በኒው ዮርክ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስለዚሁ ዐውደ ርእይ ቀርቧል፣ መጽሐፍም ታትሟል። እርሱ እንደሚያስረዳው ጠልሰሙ የሚሣለው ታማሚው ራሱ እንዲያየው ነው፤ በታማሚው ያደረው መንፈስ በታማሚው ዐይን ወደ ውጭ ስለሚመለከት፣ የተሣሉትን ዐይኖች ሲያይ ይደነግጣል፣ ይሸሻልም ተብሎ ይታመናል። ሥዕሉ እንግዲህ በጌጥነት የተሰቀለ አይደለም፤ ዐይንን በር አድርጎ የሚገባ መድኃኒት ሆኖ የተሠራ ነው። ከክታቦቹ ብዙዎቹ ለእርጉዞችና ለአራሶች የተዘጋጁ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ተቀምጦ ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለውን ውርዝልያን በጦር ሲወጋት ይታያል።

ይህን ሥርዓት ከዘመናዊው የሥዕል ሕክምና ጋር አንድ ነው ብሎ ማቅረብ ስሕተት ነው፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ክታብ አንግቦ ክኒኑን ቢተው የሚደርስበት ጉዳት ግልጽ ነው። ዳሩ ግን በሥርዓቱ ውስጥ አንድ የታመመ ሰው በቁመቱ ይለካል፣ በስሙ ይጠራል፣ ለእርሱ ብቻ የተሠራ ነገር በእጁ ይገባል፣ ከመኝታው ፊት ለፊትም ይሰቀልለታል። በዘመናዊ ሆስፒታል የካርድ ቁጥር ሆኖ የሚውል ታማሚ የሚያጣው ይህንኑ ነው፤ የዛሬዎቹ የሥዕል ቴራፒስቶችም ታማሚውን ከብሩሽና ከቀለም ጋር አስቀምጠው «የራስህን ሣል» የሚሉት ያንኑ ለመመለስ ነው።

«የሥዕል ሕክምና» የሚለው ስያሜ የመጣው ከአንድ ታማሚ ነው። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤድሪያን ሂል በ1938 በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በሰሴክስ በሚገኝ ማገገሚያ ተኝቶ ሳለ፣ ለነቀርሳ የሚሆን መድኃኒት ገና ባልተገኘበት በዚያ ዘመን የታማሚው ሥራ ለወራት ተጋድሞ መጠበቅ ብቻ ነበርና፣ አልጋው ላይ ሆኖ በአጠገቡ ያገኘውን ሁሉ መሣል ጀመረ፤ ኋላም ለሌሎች ሕሙማንና ለጦር ቁስለኞች አስተማረ፣ በ1942 ለሥራው ስም ሰጠው፣ በ1945ም መጽሐፍ አሳተመበት። የሙዚቃው ሙያ ደግሞ ያደገው በአሜሪካ የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታሎች ሲሆን፣ ለወታደሮች ሊጫወቱ የሚመጡ ሙዚቀኞች በጎ ፈቃድ ብቻ እንደማይበቃቸው፣ ስለ በሽታውም ማወቅ እንዳለባቸው ሲታይ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ1944 የመጀመሪያውን የሥልጠና ፕሮግራም ከፈተ።

የሙያው ጥበብ ጎልቶ የሚታየው ንግግራቸውን ባጡ ሰዎች ላይ ነው። በስትሮክ፣ ማለትም ወደ አንጎል የሚሄድ ደም በመቋረጡ ወይም በመፍሰሱ ምክንያት፣ የአንጎላቸው ግራ ክፍል የተጎዳ ሰዎች አንዳንዶቹ የሚባለውን እየተረዱና ሊሉ የፈለጉትን እያወቁ ቃሉ ከአፋቸው አልወጣ ይላቸዋል፤ ሐኪሞች ይህን አፌዥያ ይሉታል። የሚገርመው «ውኃ» ማለት ያቃተው ሰው በልጅነቱ የሚያውቀውን መዝሙር ከነቃሉ ሊያዜም መቻሉ ነው። ምክንያቱ በአብዛኛው ሰው ንግግር በአንጎል ግራ ክፍል ላይ ሲደገፍ፣ ዜማ ግን ቀኙንም በሰፊው ማሳተፉ ነው። በ1973 በቦስተን የጦር ጉዳተኞች ሆስፒታል የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን ተጠቅመው አንድ የሕክምና ዘዴ ቀረጹ። ባለሙያው ከታማሚው ፊት ለፊት ይቀመጥና የግራ እጁን ይይዛል፤ አጭርና አስፈላጊ ሐረግ መርጦ መጀመሪያ ያለ ቃል ያንጎራጉራል፣ ቀጥሎ በሁለት ድምፅ ብቻ፣ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ እያደረገ፣ ቃሉን ያስገባበታል፣ በእያንዳንዱ ቀለም ላይም የታማሚውን ግራ እጅ በጠረጴዛው ላይ መታ ያደርጋል። በአማርኛ ቢሠራ «ው - ኃ - ስ - ጡኝ» አራት መታ ይሆናል ማለት ነው። ታማሚው መጀመሪያ አብሮ ያዜማል፣ ኋላ ብቻውን ያዜማል፣ በመጨረሻም ዜማው እየሳሳ ሄዶ ቃሉ እንደ ተራ ንግግር ይቀራል። ሥራው ሳምንታት ይፈጃል፣ ሁሉም ታማሚ አይሳካለትም፤ በጥር 2011 በአሪዞና ጭንቅላቷን በጥይት የተመታችው የያኔዋ የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ጋብሪኤል ጊፈርድስ ግን ንግግሯን መልሳ ስትማር ሙዚቃ አንዱ ረዳቷ እንደነበር በሰፊው ታውቋል።

ከስትሮክ በኋላ ዝም ብሎ ማዳመጥም ይረዳል። በፊንላንድ በሄልሲንኪ በ60 የስትሮክ ሕሙማን ተጀምሮ በ2008 የታተመ ጥናት፣ ራሳቸው የመረጡትን ሙዚቃ ለሁለት ወር በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት የሰሙትን ሰዎች በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ ከሰሙትና ምንም ካልተሰጣቸው ጋር አነጻጽሯል፤ ሙዚቃ የሰሙት ቃላትን የማስታወስና ሐሳብን የመሰብሰብ ችሎታቸው ከሁለቱም ይበልጥ ተሻሽሏል፣ ድብርታቸውም ቀሎ ተገኝቷል። በፓርኪንሰን በሽታ ደግሞ የሚረዳው ዜማው ሳይሆን ምቱ ነው። በሽታው የሚያጠቃው እንቅስቃሴን በጊዜው የሚያስጀምረውን የአንጎል ክፍል በመሆኑ ታማሚው በር ላይ ሲደርስ እግሩ ከመሬት ጋር እንደተጣበቀ ቆሞ ይቀራል፤ ከውጭ የሚመጣ እኩል ምት የጠፋውን የውስጥ ሰዓት ተክቶ እግሩን ያንቀሳቅሰዋል። የከበሮ ምት እግርን እንዴት እንደሚመራ ማየት የሚፈልግ ሰው በበዓል ቀን የካህናቱን ወረብ ልብ ብሎ ቢመለከት ይበቃዋል። በኒው ዮርክ ብሩክሊን የማርክ ሞሪስ የዳንስ ቡድን ከ2001 ጀምሮ ለፓርኪንሰን ሕሙማን የዳንስ ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል።

በዚህ መስክ የተጋነነ ወሬም አልጠፋም። በ1993 ካሊፎርኒያ ውስጥ 36 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአሥር ደቂቃ የሞዛርትን ሙዚቃ ሰምተው ቅርጽን በአእምሮ የማገላበጥ ፈተና ላይ ጥቂት ብልጫ አሳዩ፤ ብልጫው ከሩብ ሰዓት በላይ አልቆየም። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን የጆርጂያ ግዛት አስተዳዳሪ ለሚወለዱ ሕፃናት ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ሲዲ መግዣ 105,000 ዶላር እንዲመደብ ጠየቁ። የኋላ ጥናቶች ያሳዩት ሞዛርት የተለየ ኃይል እንደሌለው፣ ሰውን የሚያነቃቃ ማንኛውም ነገር ያንኑ ያህል እንደሚሠራ ነው። እንዲህ ያለው ችኮላ ለመስኩ ጉዳት አለው፤ ስለ ሞዛርት ሲዲ የሰማ ሐኪም ስለ አፌዥያው ዘዴ ሲነገረውም በጥርጣሬ ፈገግ ይላልና።

ወደ ኢትዮጵያ ሆስፒታል ሲመጣ ከገንዘብ በፊት የሚነሣው ጥያቄ «የማን ዜማ?» የሚለው ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ የኦርቶዶክስ መዝሙር፣ ሁለተኛው መንዙማ፣ ሦስተኛው የወንጌላውያን መዝሙር፣ አራተኛው ደግሞ ትዝታ መስማት ይፈልጋል፤ አምስተኛው የሚፈልገው ጸጥታ ነው። አስታማሚው ስልኩን ትራሱ ላይ አድርጎ በድምፅ ማጉያ ሲከፍተው ለአንዱ ማስታገሻ የሆነው ለጎረቤቱ ጩኸት ይሆናል፤ በዚያ ላይ በልቅሶ ቤት የሰሙት ዜማ ሐዘን ቀስቅሶ ሕመምን ሊያብስ ይችላል። ስለዚህ ርካሹና ትክክለኛው መሣሪያ የጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ምርጫውም የታማሚው መሆን አለበት። በቀዶ ሕክምና ላይ የሙዚቃው ዓይነት ብዙ ልዩነት አለማምጣቱ እውነት ቢሆንም፣ ሙዚቃው የሚሠራው በትውስታና በዝምድና በኩል በሚሆንበት ጊዜ የራስን ዜማ የሚተካ የለም።

የዝምድናው መንገድ ከሁሉ ይልቅ በእናትና በልጅ መካከል ይታያል። በእንግሊዝ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ምልክት ያለባቸው 134 እናቶች በተሳተፉበትና በ2018 በታተመ ሙከራ፣ ለአሥር ሳምንት ከሕፃናቶቻቸው ጋር በቡድን የዘመሩት ድብርታቸው ከበድ ያለ እናቶች፣ የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ካገኙት ፈጥነው ተሽለዋል። በአፍሪካ ደግሞ ጋምቢያ ምሳሌ ትሆናለች። በዚያ አገር ልጅ ያልወለዱ ወይም የወለዱት የሞተባቸው ሴቶች የሚሰባሰቡበት፣ በየድግሱ በዘፈንና በቀልድ የታወቀ «ካንዬለንግ» የሚባል ማኅበር አለ፤ ተመራማሪዎች ከውጭ አሠልጣኝ ከማምጣት ይልቅ እነዚህን ሴቶች ነፍሰ ጡሮችን በሳምንት አንድ ጊዜ ለስድስት ሳምንት እንዲያዘፍኑ አደረጉ፣ የነፍሰ ጡሮቹም የጭንቀትና የድብርት ምልክት ቀነሰ። ሐዘን ያሰባሰባቸው ሴቶች የሌላውን ሐዘን እንዲያቀሉ መደረጉ ከየትኛውም ሲዲ ይልቅ የሚታመን ዘዴ ነው።

ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ጉዳይ በኢትዮጵያ ቅርብ ነው። ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ የማቀፍ ዘዴ፣ «የካንጋሮ እንክብካቤ» የሚባለው፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ123 ዝቅተኛ ክብደት ባላቸው ሕፃናት ላይ ተሞክሮ በ2005 በታተመው ውጤት፣ ቀደም ብለው የታቀፉት ከሌሎቹ ይበልጥ በሕይወት መትረፋቸው ታይቷል። በዚህ አኳኋን የታቀፈ ሕፃን ጆሮው ከእናቱ ልብና ድምፅ ጥቂት ጣት ብቻ ይርቃል። በአሜሪካ በ11 ሆስፒታሎች 272 ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የተሳተፉበትና በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የልብ ምት የሚመስል ድምፅን፣ ትንፋሽ የሚመስል ድምፅንና በአጠገባቸው የሚዜም እሹሩሩን በየተራ ሞክሯል፤ ሕፃናቱ ይበልጥ የጠቡትና ይበልጥ ምግብ የወሰዱት ወላጆች ራሳቸው የመረጡት ዜማ በተዜመላቸው ጊዜ ነው፣ የወላጆቹም ጭንቀት ቀንሷል።

ልጇ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የተኛባት እናት እሹሩሩ ለማለት ማፈር አይገባትም። ሕፃኑ ለመታቀፍ ደርሶ እንደሆነ ነርሷን ትጠይቅ፤ ከተፈቀደላት በደረቷ አቅፋ የገዛ እናቷ ታዜምላት የነበረውን፣ ከትንፋሿ ከፍ በማይል ድምፅ ታዚምለት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ለእነዚህ ክፍሎች ያስቀመጠው የድምፅ ጣሪያ 45 ዴሲቤል ነው፤ ይህም ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ከሚሰማው ድምፅ ብዙ አይበልጥም።